የዘሪቱ ሁለት ስልኮች

«ለማታይ ሰው አይፎን! አስራ ዘጠኝ ሺህ ብር እኮ ነው፤ ምኑን ልታይበት ነው?»

ሙሉሽ ይህን ያለችው ለባሏ እህት ለዘሪቱ አልነበረም። ቀይ አፈር ከተማ ከምትኖረው እህቷ ጋር በስልክ እያወራች ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ ጀሪካን ታጥባለች። ዘሪቱ ደግሞ ከቧንቧው አምስት እርምጃ በማይሞላው ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። «ስክሪኑ ጥሩ ነው አሉ፤ ካሜራውም ጥሩ ነው አሉ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ለእሷ ምን ያደርግላታል? ያቺ አሮጌዋ መቼ አነሰቻት? እኔ ልጆቹን ፎቶ እንኳ የማነሳበት የለኝም» አለች ሙሉሽ፤ ከዚያም ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ አዞረችው። በድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ስለ ስልኩም ስለ ሽንኩርቱም ያወራችው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ዘሪቱ ያሰረችውን ክር ፈታችና እንደገና አጥብቃ አሰረችው።

ስልኩ የመጣው በዋዜማው ነበር። ጊዜው 2013 ዓ.ም. ግንቦት ነው፤ ጂንካ ዝናብ ጠግባ፣ ከኮብልስቶኑ ውጪ ያለው መንገድ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ታላቅ ወንድሟ ታምራት በጭነት መኪናው ሲሚንቶ ጭኖ ከአርባ ምንጭ ሲመለስ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ክፍሏ ገባና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር መዳፏ ላይ አኖረላት። «ያገለገለ ነው፤ ግን ጭረት የለውም» አለ። ከዚያ እንዴት እንደገዛው ሲነግራት ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ይቸኩል ነበር። አርባ ምንጭ ቁርስ የሚበላበት ቤት ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ስልክ እያዳመጠ ተቀምጦ አየ። ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሻይ አዘዘለት፤ «ወንድሜ፣ እህቴ እንዳንተው ናት። ለእናንተ የትኛው ስልክ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀው። መምህሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ስልኩን እያስነካ፣ ድምፁን እያሰማ አስረዳው። ታምራት በዚያኑ ቀን ያንኑ ዓይነት ፈልጎ ገዛ። ዘሪቱ ይህን ስትሰማ ከስልኩ ይልቅ ጥያቄው ገረማት። ታምራት በሠላሳ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ ሁሉ ያሻግራታል፣ ይሸከምላታል፣ ይከፍልላታል እንጂ ምን እንደሚያስፈልጋት ማንንም ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ እሷንም ጭምር።

ስልኩ ደግሞ በእርግጥ ጥሩ ስልክ ነበር። ሻጩ ልጅ፣ ስልኩ ስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነብበትን ድምፅ ከፍቶት ስለነበር ዘሪቱ ያንን ምሽት በጣቶቿ ስታስሰው አመሸች። ብርጭቆ የመሰለው ፊቱ ላይ ጣቷን ስታንሸራትት ሳይዘገይ፣ ሳይንተባተብ ይከተላታል። እንግሊዝኛው የሰው እንግሊዝኛ ነው፤ ትንፋሽ የሚወስድ ይመስላል። ስድስት ዓመት ያገለገለቻት አንድሮይድ ስልኳ ጥጓ ተሰንጥቋል፤ ባትሪዋ ከሰዓት በኋላን አይደርስም፤ አንዳንዴም መሃል ቃል ላይ ቀጥ ትላለች። የዚያች ስልክ እንግሊዝኛ አፍንጫው የተደፈነ ሰው ንግግር ነው። ታምራት «ሲም ካርዱን ላዛውርልሽ?» ሲላት «ነገ ራሴ አደርገዋለሁ» አለችው። ነገሩን ገና አልወሰነችም ነበር። አንድ ሁለት ሳምንት ልትሞክረው፣ ሁለቱን ልታወዳድር፣ ከዚያ ልትመርጥ ነው ያሰበችው።

የሙሉሽ ወሬ ግን ሁለት ሳምንቱን ወደ ሁለት ደቂቃ አሳጠረው። ዘሪቱ የጆሮ ጉትቻዋን አወለቀች፤ በቀጭኑ ጫፉ የአይፎኑን የሲም ቀዳዳ ፈልጋ ተጫነችው፤ ከአሮጌዋ ያወጣችውን ሲም አስገባችበት። ቴሌግራሟን ከፈተች፤ የመጣላትን ቁጥር አስገባች፤ ሠራ። ከክፍሏ ስትወጣ አይፎኑን በእጇ ይዛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ሰዓት እንዲነግራት ቧንቧው አጠገብ ቆመች። እንግሊዝኛው ግቢውን ሞላው። ሙሉሽ ጀሪካን ማጠቧን አቆመች። «ደኅና አደርሽ ዘሪቱ፣ ቁርስ ሳትበዪ?» አለች። «ደኅና አደርሽ። ዛሬ ችሎት አለኝ፣ እዚያው እበላለሁ» አለች ዘሪቱና ነጩን በትሯን ዘርግታ ወጣች። አሮጌዋን ስልክ ከነማዳመጫዋ ቦርሳዋ ውስጥ ጥላታለች፤ ለምን እንደያዘቻት ራሷም አላወቀችም።

ዘሪቱ በፍርድ ቤት የአሪኛና የአማርኛ አስተርጓሚ ከሆነች አምስት ዓመቷ ነው። ያደገችበት ቤት ቋንቋ አሪኛ ነው። አማርኛውን ከጂንካ መንደር፣ ኋላም ኩፍኝ ዓይኗን ከወሰደው በኋላ ከተላከችበት ከሶዶው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረችው። ሥራው ላይ ስትቀጠር አንዳንዱ ሰው «የምስክሩን ፊት ሳታይ?» ብሎ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ዳኞቹ ራሳቸው «ዘሪቱ ትምጣ» ማለት ጀመሩ፤ ተናጋሪው የዋጠውን ቃል ትሰማለች፤ በተናገረው ላይ አትጨምርም፣ ከእሱም አትቀንስም። እሷም አንድ ነገር ጠይቃ ተፈቅዶላታል፤ የሚተረጎመውን የጽሑፍ ማስረጃ ከችሎቱ በፊት አንብባ እንድትገባ። ወረቀቱ የእጅ ጽሑፍ ሲሆን የችሎት ጸሐፊዋ አክሱማዊት ቃል በቃል ትተይብና በቴሌግራም ትልክላታለች። ዘሪቱ በስልኳ ድምፅ ታዳምጠዋለች።

የዚያን ቀን ፋይል የደረሳት በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ጠርዝ ስትሄድ ነው። ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቆመች፤ አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፋት። ጣቷን ስታሳርፍበት አይፎኑ የላኪዋን ስም ዘለለ፤ ሰዓቱን በእንግሊዝኛ አነበበ። ፋይሉን ከፈተችው። ዝም። ወደ ታች አንሸራተተች። ዝም። ድንገት በዚያ ባማረ የእንግሊዝኛ ድምፅ «ሁለት ሺህ ዘጠኝ» አለ፤ ጥቂት ቆይቶም «ሦስት»። ከጠቅላላው ገጽ ያነበበው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። በቁጥሮቹ መሃል ያለው አማርኛ ሁሉ እንደ ባዶ ወረቀት ታለፈ። ዘሪቱ አበላሽቼው ይሆናል ብላ ወደ ቅንብሩ ገባችና የቋንቋዎቹን ዝርዝር አስነበበችው። ዓረብኛ አለ። ቻይንኛ አለ፤ ያውም ሁለት ዓይነት። ዕብራይስጥ አለ። ሕንድኛ አለ። ዝርዝሩን እስከ ታች ወርዳ፣ ተመልሳ ወጥታ፣ እንደገና ወረደች። አማርኛን አላገኘችውም። በአሮጌዋ ስልኳ ላይ ያለውን የአማርኛ ድምፅ የጫነላት የሶዶ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነበር፤ ብረት የዋጠ የመሰለ፣ «ጨ»ን እና «ጠ»ን የሚያምታታ ድምፅ ነው። እሷ ግን ለምዳዋለች። ለአዲሱ እንዲህ ያለ ነገር ይገኝ እንደሆነ ልትጠይቅ ለዚያው ጓደኛዋ ደወለች። «እስካሁን እኔ አላገኘሁም፤ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ከእሱ ጋር የሚወዳደር የለም» አላት።

የፍርድ ቤቱ ግቢ በር ላይ ዘበኛው «ማስክ፣ ማስክ» እያለ ነበር። ዘሪቱ የጨርቅ ማስኳን አጠለቀችና ከችሎቱ በር ፊት ለፊት ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ችሎቱ ሊጀመር ሠላሳ ደቂቃ ቀርቶታል። በጭንቅላቷ ውስጥ ሁለት ነገር ይሟገታል። ማንበቡን ትታ፣ ጠበቃው ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰምታ መተርጎም ትችላለች፤ ሌሎች አስተርጓሚዎች ሁሉ የሚያደርጉት እንደዚያው ነው። እንዲህ ከሆነ ቀኑን በአይፎኑ ውላ፣ ማታ አይፎኑን ይዛ ግቢ ትገባለች፤ ማንም ምንም አይልም። ሲሙን ከመለሰችው ግን የሙሉሽ ወሬ እውነት ሊሆን ነው፤ አስራ ዘጠኝ ሺህ ብር ወጥቶበት ግማሽ ቀን ያልያዘችው ስልክ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ታምራት ነው። ያንን መምህር ሻይ ጋብዞ የጠየቀውን ታምራትን ምን ትለዋለች?

በዚህ መሃል አጠገቧ ሰው ተቀመጠ። የጭስና የእርጥብ ቅጠል ሽታ፣ የጎማ ጫማ ጭቃ ድምፅ። ከደጋው ቀበሌ በእግር የመጣች ሴት እንደሆነች ዘሪቱ አወቀች። ሴትየዋ በአሪኛ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «ዛሬስ ሰው የሚገባው ይናገሩ ይሆን?» አለች። የዕለቱ ከሳሽ ወይዘሮ አመነች ነበሩ። ዘሪቱ ሰላምታ ሰጠቻቸው፤ ማንነቷን ነገረቻቸው፤ ስለ ጉዳዩ ግን ከችሎት ውጪ ማውራት እንደማትችል በትሕትና አስረዳቻቸው። አሮጊቷ እጇን ያዙና «ይሁን ልጄ፣ አንቺ እዚያ ካለሽ ይበቃኛል» አሉ። ዘሪቱ ከዚህ በኋላ አላመነታችም። ጉትቻዋን አወለቀች። አይፎኑን ከፍታ ሲሙን በጥፍሯ ሳብ አደረገችው፤ ጉትቻውን በከንፈሯ ይዛ የአሮጌዋን ጀርባ ፈለቀቀች፤ ባትሪውን አንስታ ሲሙን ወደ ጎድጓዳው ገፋችው። አሮጌዋ ስልክ ለመነሳት እንደ ልማዷ ብዙ ጊዜ ወሰደች። ዘሪቱ ማዳመጫውን ሰካች፤ አይፎኑ ለነገሩ ይህ የሚሰካበት ቀዳዳም የለው። ያ ብረት የዋጠ ድምፅ «ውል» ብሎ ጀመረላት።

ወረቀቱ የስጦታ ውል ነበር። ወይዘሮ አመነች ከሟች ባላቸው ጋር ያፈሩትን፣ ባንድ ወገን ከመንገድ በሌላ ወገን ከወንዝ የሚዋሰነውን የእንሰትና የቡና ማሳ፣ ለባላቸው ወንድም ልጅ ለአቶ ጎሳዬ ለዘለቄታው በስጦታ እንደሰጡ ይናገራል። ቀኑ የ2009 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ምስክሮች አሉበት። ዘሪቱ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማችው፤ «ለዘለቄታው» ለሚለው ቃል የሚሆነውን አሪኛ በልቧ አዘጋጀች። አክሱማዊት ከውስጥ «የመዝገብ ተራ ደርሷል!» ብላ ስትጣራ ስልኳ ዐሥራ ሁለት በመቶ ባትሪ እንደቀራት ነገረቻት። ዘሪቱ ማዳመጫዋን ጠቀለለችና ገባች።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛው ከፍ ካለው ጠረጴዛ ኋላ፣ አክሱማዊት ከግርጌያቸው፣ ከሳሽና ተከሳሽ ግራና ቀኝ። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ካፊያ ይንጠባጠባል። አቶ ጎሳዬ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ የአጎቱን ሚስት ሰላም አላላቸውም፤ እሳቸውም አላሉትም። ዘሪቱ በትክክል ልትተረጉም ማለች። ወይዘሮ አመነች ሲጠየቁ፣ ባላቸው ከሞተ በኋላ ማሳውን ለጎሳዬ ለእኩል እንደሰጡት፣ ምርቱን ሦስት ዓመት እንዳካፈላቸው፣ በአራተኛው ዓመት «መሬቱ የኔ ነው» እንዳላቸው ተናገሩ። ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ ያሳረፉት ለእኩሉ ነው ተብለው ነው። «ወረቀቱን ያነበበልኝ የለም። ቢያነቡልኝስ? እኔ አማርኛ ገበያ ላይ ‹ስንት ነው› ከማለት አላልፍም» አሉ። ዘሪቱ እንዳሉት፣ በአነጋገራቸው ልክ፣ አማርኛ አደረገችው። የአክሱማዊት ብዕር ወረቀቱን ሲፍቅ ይሰማታል።

የተከሳሽ ጠበቃ ተነሳ። ድምፁ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ሰው እንዲያከብረው የለመደ ድምፅ ነው። ማስረጃው የጽሑፍ ውል መሆኑን ገልጾ እንዲያነብ ተፈቀደለትና ማንበብ ጀመረ። አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ ዘሪቱ ወደ አሪኛ ትመልሳለች፤ ቀጣዩን ያነባል። «ለዘለቄታው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ከአሮጊቷ ጉሮሮ ትንሽ ድምፅ ወጣ። ጠበቃው ድንበሩን አነበበ፤ የምስክሮቹን ስም አነበበ። «…ይህንንም በሙሉ ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ አድርጌያለሁ። በጣቴም ፈርሜያለሁ» አለና ወረቀቱን አጠፈ።

ዘሪቱ ዝም አለች። ዳኛው «ተርጉሚላቸው እንጂ» አሉ። ዘሪቱ ፊቷን ወደ ዳኛው አዞረች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ማስረጃው ሙሉውን አልተነበበም። ‹ሳያስገድደኝ› እና ‹በጣቴ› በሚሉት መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። የተሟላውን ካልሰማሁ የተሟላ ትርጉም መስጠት አልችልም።»

ጠበቃው ሳቅ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አስተርጓሚዋ… ይቅርታ ይደረግልኝና… ወረቀቱን እንዴት ልታየው ቻለች?» ከኋላ ወንበር ላይ ከነበሩት ሁለት ሦስት ሰዎች አብረውት ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም። ወረቀቱ ከጠበቃው እጅ ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ፣ ሲዘረጋ፣ የመነጽራቸው ማቀፊያ ሲከፈት ዘሪቱ ተከታትላ ሰማች። ዳኛው ሲያነቡ ካፊያው የበረታ መሰላት።

«ልክ ናት» አሉ ዳኛው። «አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ለምን ዘለሉት?»

«የተለመደች ማሳረጊያ ሐረግ ስለሆነች ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ሰዓት ለመቆጠብ ያህል ነው።»

«የፍርድ ቤቱን ሰዓት ፍርድ ቤቱ ይቆጥባል። ያንብቡ።»

ጠበቃው አነበበ፤ አሁን ድምፁ እንደ ቅድሙ ወፍራም አልነበረም። «እኔም አማርኛ አሳምሬ የማውቅ ስለሆነ፣ ውሉ በአማርኛ ተነቦልኝ፣ አስተርጓሚ ሳያስፈልገኝ በሚገባ ተረድቼዋለሁ።»

ዘሪቱ ይህን ወደ አሪኛ ስትመልስ አንዲት ቃል አላጠነከረችም፤ አንዲት ቃል አላላላችም። ለአሮጊቷ ልትሟገት የገባች ሰው ብትሆን ኖሮ ድምፅዋን ከፍ ታደርግ ነበር። እሷ ግን ሥራዋን ነበር የምትሠራው። ወይዘሮ አመነች እስከ መጨረሻው አዳመጡ። መጀመሪያ ያልገባቸው መሰላት። ከዚያ ግን ከሆዳቸው የመጣ ረጅም ሳቅ ሳቁ፤ እንባ የቀላቀለ ሳቅ። በአሪኛ የተናገሩትን ዘሪቱ ሳትጨምር ሳትቀንስ ለችሎቱ አቀረበችው፦ «አማርኛ አሳምሬ አውቃለሁ? ታዲያ ይህቺ ልጅ እዚህ ቆማ ምን ትሠራለች?»

ዳኛው ሦስቱ የውል ምስክሮች ቀርበው እንዲጠየቁ አዘዙና ለሌላ ቀን ቀጠሩ። ከሁለት ወር በኋላ ከምስክሮቹ ሁለቱ ወረቀቱ ሲነበብ እንዳልሰሙ ተናግረው ውሉ ፈረሰ፤ ማሳው ለወይዘሮ አመነች ተመለሰ። የዚያን ዕለት ግን ይህ ገና አልታወቀም። የታወቀው አንድ ነገር ነበር፤ ከችሎቱ የወጣው ሰው ሁሉ በኮሪደሩ ላይ ስለ አስተርጓሚዋ ያወራ ነበር። «ቃል በቃል በቃሏ ይዛዋለች እኮ!» ይላል አንዱ። አክሱማዊት ፋይሎቿን እንዳቀፈች እየሮጠች መጣችና «ዘሪቱዬ፣ ትናንት ማታ ያንን ዓረፍተ ነገር ስተይብ እጄን ደክሞኝ ልተወው ነበር፤ እውነቴን ነው!» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ዘሪቱ ሻይ ቤት ገብታ ሽሮ አዘዘች፤ ሙሉውን በላች። ሂሳቡን ልትከፍል ስትል «ተከፍሏል» አሏት። ማን እንደከፈለላት አልነገሯትም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስትሄድ በባጃጅ አልሄደችም። በጭቃው ዳር ዳር፣ በትሯን እየመታች፣ ቀስ ብላ ሄደች። የማክሰኞ ገበያ እየተበተነ ነበር፤ ሴቶች በአሪኛና በአማርኛ ይጠራራሉ። ማታ የምትናገረውን እያሰላሰለች ነው። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ከትታ «እየተጠቀምኩበት ነው» ማለት ትችል ነበር። ጠዋት ቢሆን ምናልባት ይህን ታደርገው ነበር። አሁን ግን ያ ሐሳብ እንደ ጠበበ ጫማ ሆነባት።

እራት ላይ ሁሉም ነበሩ። ታምራት፣ ሙሉሽ፣ ሁለቱ ሕፃናት፤ ትልቁ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ያወራል። ታምራት እጁን እየታጠበ «እህ፣ ስልኩ እንዴት ዋለ?» አለ። ሙሉሽ የምታቀርበውን ሳህን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ዘሪቱ የሳህኑ ድምፅ ሲቋረጥ ነው ያወቀችው። አይፎኑን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ታምሬ፣ ጥሩ ስልክ ነው። የነገረህ መምህር አልዋሸህም። እንግሊዝኛ እንደ እሱ የሚያነብ በእጄ ይዤ አላውቅም። ግን አማርኛ አያነብልኝም። ሥራዬ ደግሞ አማርኛ ነው። ስለዚህ ወደ አሮጌዋ ተመልሻለሁ።»

ታምራት ፎጣውን ያዘ እንጂ እጁን አላደረቀም። ሙሉሽ ቀስ ብላ «እኔስ ብዬ ነበር፤ ለእሷ ይከብዳታል ብዬ…» ስትል ዘሪቱ ፊቷን ወደ እሷ መለሰች።

«አልከበደኝም፣ ሙሉሽ። በአንድ ምሽት ለምጄዋለሁ። የእኔን ሥራ መሥራት ያቃተው እሱ ነው።» ይህን ስትል አልተቆጣችም። ከዚያ ቀኑን ተረከችላቸው፤ የሰው ስም ሳትጠራ፣ የማን ጉዳይ እንደሆነ ሳትናገር። አንድ ዓረፍተ ነገር እንደተዘለለ፣ ችሎቱን እንዳስቆመች፣ ዳኛው «ልክ ናት» እንዳሉ። ቴሌቪዥኑን ማን እንዳጠፋው አላወቀችም፤ ግን ጠፍቷል። ታምራት በጭነት መኪናው ሲዞር ሰው «እህትህስ?» ሲለው «አለች፣ ትሠራለች» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። አሁን «ዳኛው ራሳቸው እንዲህ አሉ? ‹ልክ ናት› አሉ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። «አሉ» አለችው ሁለት ጊዜ። «ሻጩ አይመልስልኝም፤ ታዲያ ይሄን ለማን ልስጠው?» አለ በመጨረሻ ስልኩን አንስቶ። ዘሪቱ ጣቷን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች «ለሙሉሽ ይሁን። ካሜራው ጥሩ ነው ብለዋል፤ ልጆቹን ታንሳበት» አለች። ሙሉሽ ሳህኑን አስቀመጠች፤ ለዘሪቱ የወጣላት ድርሻ ከሁልጊዜው የበዛ ነበር።

ከእራት በኋላ ዘሪቱ በክፍሏ ደጃፍ ባለው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አሮጌዋን ቻርጀር ላይ ሰክታ፣ የምታጠናውን የቤተሰብ ሕግ ታዳምጥ ነበር። በርቀት መማር ለመጀመር ማመልከቻ አስገብታለች፤ ለማንም ገና አልነገረችም። የታምራትን ከባድ እርምጃ ሰማች። መጥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እንጨቱ ሲጢጥ አለ። «እስኪ አሰሚኝ» አለ። ዘሪቱ ማዳመጫውን ነቀለች። ድምፁ ወጣ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ፣ ያልተቋረጠ መዓት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አማርኛ ነው።»

«ይሄ አማርኛ ነው?! ዘሪቱ፣ አንድ ቃል አልያዝኩም እኮ።»

እየሳቀች ፍጥነቱን በግማሽ ቀነሰችው። «አሁንስ?» ታምራት አንገቱን ወደ ስልኩ ዘንበል አደረገ፤ ትንፋሹ ቀረባት። «አሁንም ቀደመኝ፤ ትንሽ ቀስ አድርጊው።» እንደገና ቀነሰችው፤ አሁን ድምፁ ዳዴ የሚል ሕፃን መሰለ፤ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያነሳ ያስቀምጣል። ታምራት «ያዝኩት፣ ያዝኩት፣ ቀጥዪ» አለ። አንቀጹ ባልና ሚስት ስለሚያፈሩት የጋራ ንብረት ነበር። ዘሪቱ በቃሏ ታውቀዋለች። ወንድሟ መስመር በመስመር፣ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱን ቃል ከድምፁ ጋር እየደገመ ሲከተል፣ እሷ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እስኪደርስባት ጠበቀችው።